ፌስታል የለበሰችው አላርም

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላለ ዘመድ የደወለ ሁሉ ያውቃታል። ሰላምታው «ልጆቹስ ደህና ናቸው?» ላይ ሳይደርስ ከወዲያ በኩል «ጢጥ!» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ጢጥ!»። ምንድን ናት ሲባል «ተዋት፣ ለምደናታል» ነው መልሱ። አንጀት የሚያሳርረው ይህቺ «ለምደናታል» ናት። ጣሪያ ላይ ያለችው የጭስ አላርም በየ30 ወይም በየ60 ሴኮንዱ አንዴ ጢጥ ካለች ባትሪዬ አልቋል ማለቷ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጀመር የምትወደውም ለተንኮል አይደለም፤ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የደከመ ባትሪ የባሰ ስለሚደክም ነው። መድኃኒቱ አንድ ወንበርና አንድ ባትሪ። እነሱ ግን ለምደዋታል!

ባትሪዋ ደህና በሆነበት ቤት ደግሞ ፌስታል ለብሳ፣ በላስቲክ ታንቃ ትገኛለች። ክሷ ቡና ትጠላለች የሚል ነው። ቡናው የሚቆላው ከሥሯ መሆኑን ማንም አያነሳም። ከማብሰያው ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል መራቅ አለባት። እኛ ጋ ቡናው ተንጣጥቶ ጭሱ መትጎልጎል ሲጀምር መቁያው ሳሎን ይወጣል፣ እንግዳው ሁሉ በየተራ ያሸታል፣ መጨረሻ ላይ ተረኛዋ እሷ ናት። እንግዳው «አቤት ሲያውድ!» ይላል፤ እሷም የመሰላትን ትላለች።

ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያስ? በብዙ አፓርታማ ከማይክሮዌቩ ጋር የተሠራው ማራገቢያ ከውጭ ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ ጭሱን ከታች ስቦ፣ በማጣሪያ አሳልፎ፣ መልሶ ግንባርህ ላይ ይተፋዋል። ከሁሉ የባሰው ግን የኮሪደሩን በር ብርግድ አድርጎ መክፈት ነው። በሩን የከፈተ ሰው ጭሱን የሕንፃው አላርም ወዳለበት ሸኘው ማለት ነው። ያኔ የሚጮኸው አንድ ቤት መሆኑ ይቀርና አራቱም ፎቅ ይሆናል፤ ጎረቤት በፒጃማው ብርድ ላይ ይሰለፋል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል፣ ሁለተኛው ጀበና ገና አልወረደም። የሚከፈተው መስኮት ነው፤ ተንቀሳቃሽ ማራገቢያ ካለ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ መስኮቱ ላይ ማቆም። ብዙዎቹ አላርሞች ላይ ደግሞ ሲጫኗት ለጥቂት ደቂቃ ዝም የምታሰኝ ቁልፍ አለች። ማን ያያታል፣ ከፌስታሉ ሥር ናት።

ጭስ ከተነሳ ሽንኩርት አይታለፍም። ለዶሮ ወጥ ያለ ዘይት የሚቁላላ ሽንኩርት ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የልጆቹ ጃኬት በሩ አጠገብ ተሰቅሎ ይታጠናል። ጃኬቱን መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን መዝጋት የማንንም ባህል አይነካም። ምጣዱስ? ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመጣው ባለ 220 ቮልት ምጣድ 120 ቮልት ላይ ሲሰካ ጉልበቱ በግማሽ የሚቀንስ የሚመስለው ብዙ ነው። ቮልቱ ሲወርድ ከረንቱም አብሮት ይወርዳልና ከሦስት እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፤ ጥፋቱ ግን በጤፉና በእርሾው ላይ ይላከካል። ኖርዌዮች ለቂጣቸው ለሌፍሳ የሚጠቀሙበትን ባለ 16 ኢንች መጋገሪያ የኛ ሰው የወረሰው ወድዶ አይደለም። እሱም ቢሆን ከማይክሮዌቭ ጋር በአንድ መስመር ከተሰካ ብሬከር ይጥላል።

ይህን ለአዲስ መጪ የሚነግረው የለም። ምክር ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ! ከመጣ ስምንት ወር የሞላው ሰው ትናንት ለገባው ሽማግሌ ነው። «ክሬዲት ካርድህን ሙሉውን እንዳትከፍል፤ ትንሽ ዕዳ አስተርፍ፣ ስኮርህ ይወጣል» ይለዋል። ውሸት ነው። ሂሳቡን በጊዜው ሙሉ በሙሉ መክፈል ስኮሩን፣ ማለትም አበዳሪ ሰውን የሚመዝንበትን ነጥብ፣ አይጎዳም፤ የተረፈችው ዕዳ ወለድ ሆና የምታሰባው ባንኩን ነው። ከ300 እስከ 850 በሚሄደው መለኪያ ላይ ሰውን የሚጥለው አዘግይቶ መክፈልና ካርዱን እስከ አፉ መጠቀም ነው። ይህን ምክር የሚያዞረው ሰውዬ በየለቅሶውና በየክርስትናው አለ፤ ወለዱን መካፈል ሲመጣ ግን የለም። አዲሱ ሰው እሺ ይላል፤ ምን ያድርግ፣

ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣
ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።

ይህቺን ስንኝ ማን እንደ እኔ ይወዳታል! ግን አንድ ነገር አትመልስም። ይኸው ሰው 30 ገጽ የኪራይ ውል ሳያነብ ይፈርማል፣ አለቃው እሁድ ና ሲለው ቅዳሴውን ትቶ ይሄዳል፣ የመካሪውን ወለድ ይከፍላል። ከአሜሪካ አዛዥ ሁሉ እምቢ ያለው አንዲቱን ብቻ ነው፣ ያለ ደመወዝ የምትጠብቀውን። መጫኑንም መለጎሙንም ችሎ፣ በተራው የሚለጉመው ሲፈልግ ያገኘው እሷን ነው።

ይሄ አያስቅም። ልጆች በተኙበት ቤት አላርም አፍኖ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ለእጣን ከሰል ማቀጣጠል ድፍረት ነው። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፋ ማለት እሱ የለም ማለት አይደለም። ለእሱ የተሠራችው አላርም ሌላ ናት፣ ወይም ከጭሷ ጋር በአንድ ሳጥን ትገባለች። ሦስት ሦስት ጊዜ እየደጋገመች ከጮኸች ጭስ ነው። አራት አራት ከሆነ ግን ወንበር ፍለጋ የለም፤ ልጆቹን ይዞ መውጣትና 911 ከውጭ ሆኖ መደወል ነው።

ከየት ተነስተን የት ደረስን? አዎ፣ ጢጥታዋ። ባትሪ ተቀይሮላትም ካላቆመች ጠምዝዞ ማውረድና ጀርባዋን ማየት ነው፤ የተሠራችበት ቀን ተጽፎባታል። 10 ዓመት ካለፋት ጡረታዋ ደርሷል፤ ለአከራዩ በጽሑፍ ይነገረው፣ በቃል ብቻ ከሆነ ይረሳዋል። ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ፌስታሉ ይነሳ፤ አላርም መሸፈን በብዙ ውል ያስቀጣል፣ ያልተነበበው 30 ገጽ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አለ።