ሳይሎውን ሳይሆን ቅርጹን እንግዛ

ባለፈው ታኅሣሥ አርሲ ዶዶታ አጎቴ ጋ ሄጄ ያየሁት ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ስንዴው በኮምባይነር ታጭዶ አልቋል፣ የገበሬ ማህበሩ መጋዘን ሞልቷል ተብሎ እህሉ በማዳበሪያ ከረጢት ግቢ ውስጥ እንጨት ላይ ተደርድሮ ሸራ ለብሶ ቆሟል፣ የኛን አካባቢ ንፋስ ደግሞ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሌሊት ሸራውን ገልጦት አደረ፣ በማግስቱ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ጣለ፣ በቃ። በሳምንቱ ስደርስ ከታች ያለውን ማዳበሪያ ፈትቼ እጄን ብከትበት ይሞቃል። የሻጋታ ሽታ አለው። 30 ኩንታል ለከብት መኖ ሄደ፣ የቀረውን ደግሞ አጎቴ "ይሄም ሳይበላሽብኝ" ብለው እዛው ሳምንት ዋጋው በወደቀበት ሰዓት ለደላላ ሸጡት። እውነቱን ለመናገር እኔን ያቃጠለኝ ሁለተኛው ነው። የረጠበው በዝናብ ሄደ፣ ደረቁና ደህናው ግን የሄደው ማስቀመጫ ስለሌለው ብቻ ነው። እስከ ሐምሌ ቢቆይ ኖሮ ዋጋውን ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

አዳማ ተመልሼ ይሄን ሻይ ቤት ለሥራ ጓደኞቼ ሳወራ ሁለት መልስ ሰማሁ። አንዱ "መንግሥት የብረት ሳይሎ፣ ያ ረጅሙን ክብ የእህል ጎተራ፣ ከውጭ አስመጥቶ ይትከልላቸው" አለ፣ ሌላው "ሳይሎ የዱቄት ፋብሪካና የወደብ ነገር ነው፣ ለገበሬ ማህበር አይሆንም" አለ። በሁለቱም አልስማማም። 14 ዓመት እዚሁ አዳማና ዙሪያዋ ሳይት ላይ የሠራሁ ፎርማን ነኝ፣ እና የምለው ይሄ ነው፦ ክብ የአርማታ ጎተራ በኛው ፌራዮ (ፌሮ አሳሪ)፣ በኛው በያጅ፣ በኛው ሲሚንቶ መሥራት ይቻላል፣ የጎደለን አንድ ዕቃ ነው፣ እሱም አርማታው የሚሞላበት ቅርጹ ነው። ቅርጹ ደግሞ ተሞልቶ አያልቅም፣ ይፈታና ለሚቀጥለው ጎተራ ይሄዳል። ስለዚህ ማህበራት ተሰብስበው ሳይሎ ሳይሆን ቅርጽ ይግዙ።

ቅርጽ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ለክብ ጎተራ ሁለት ቀለበት ያስፈልጋል፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ፣ በመሀላቸው የግድግዳውን ውፍረት ያህል ክፍተት፣ 15 ሳንቲም በሉት። ቀለበቶቹ ከላሜራና ከአንግል ብረት ተበይደው በቡሎን የሚያያዙ ቁርጥራጮች ናቸው፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ሰው በእጁ ይዞ ሊሠራባቸው ይችላል። መሠረቱ ላይ ትገጥማለህ፣ ቋሚና አግዳሚ ፌሮውን አስረህ አርማታውን ትሞላለህ፣ በቫይብሬተር ትመታዋለህ፣ በማግስቱ ቡሎኑን አላልተህ ቀለበቱን ወደ ላይ ትስበዋለህ፣ የታችኛው ጠርዙ ትናንት የተሞላውን ግድግዳ 10 ሳንቲም ያህል ጨብጦ ይቀመጣል፣ ውሃ ልኩንና ቱንቢውን ታያለህ፣ እንደገና ትሞላለህ። እንዲህ እንዲህ እያለ ግድግዳው በየቀኑ አንድ ሜትር ከምናምን ያድጋል።

ሌላኛው ዓይነት ቅርጹ ጭራሽ የማይቆምበት ነው፣ ኢንጂነሮቹ ስሊፕ ፎርም የሚሉት። እዛ ላይ የውስጡንና የውጪውን ቅርጽ ከላይ እንደ ቀንበር አድርጎ የሚያያይዝ ብረት አለ፣ ቀንበሩ ላይ ክሪክ ይቀመጣል፣ ክሪኩ ግድግዳው መሀል የቆመ ለስላሳ ዘንግ ይዞ ይወጣል፣ ሁሉም ክሪክ ባንዴ ይገፋል፣ ቅርጹ ከነመድረኩና ከነሠራተኛው በሰዓት ከ15 እስከ 30 ሳንቲም ከፍ ይላል። ከላይ አርማታ ትጨምራለህ ከታች ራሱን የቻለ ግድግዳ ይወጣል፣ ከሥር በተንጠለጠለ መወጣጫ ላይ ያሉ ልጆች ደግሞ እርጥብ እያለ ፊቱን ያለሰልሱታል። ቀን የለም ሌሊት የለም፣ በሽፍት ነው የሚሠራው። ክሪኩን ካፈጠንከው ከታች ያልጠነከረ አርማታ ይረግፋል፣ ካዘገየኸው ደግሞ ቅርጹ ግድግዳው ላይ ይጣበቅና ሲነሳ አግድም ይቀደዋል። ጥበቡ ሁሉ አርማታው የሚጠነክርበትን ሰዓት ማወቅ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ አዳማ ፀሐይ ላይ በቀትርና በሌሊት አንድ አይደለም።

ይሄ ነገር አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1899 አሜሪካ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ፍራንክ ፒቪ የሚባል የእህል ነጋዴና ቻርልስ ሃግሊን የሚባል ግንበኛ ናቸው ለሙከራ የሠሩት። ያኔ የእህል ማከማቻው አብዛኛው የእንጨት ነበር፣ እየተቃጠለ ነጋዴውን አስመርሮታል። እነዚህ ሰዎች ወደ ላይ በሚነሳ ክብ ቅርጽ አርማታ መሙላት ጀመሩ፣ መጀመሪያ ወደ 20 ሜትር ደርሰው ቆሙ፣ እህል ሞሉት። ያገሩ ሰው "የፒቪ ሞኝነት" ብሎ ስም አወጣለት፣ እህሉ ከሥር ሲለቀቅ ይፈነዳል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር። በ1900 ከፍተው ባዶ አደረጉት፣ ምንም አልሆነም፣ ከዛ ቀጥለው 38 ሜትር ገደማ አደረሱት። ዛሬም ቆሟል። ያኔ የነበራቸው ሲሚንቶና ጠጠር፣ የብረት ቀለበትና የእንጨት ቅርጽ ነው፣ ሃይድሮሊክ የለም፣ የተቦካ አርማታ የሚያመጣ ሬዲ ሚክስ መኪና የለም። እኔ ይሄን ሳነብ የተሰማኝ ቁጭት ነው፣ ምክንያቱም እኛ ዛሬ አዳማ ላይ ያለን ዕቃ እነሱ ከነበራቸው ይበልጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የውስጥ ስፋቱ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ ጎተራ ብታስቡ ወደ 295 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። አንድ ሜትር ኪዩብ ስንዴ 7 ኩንታል ተኩል ገደማ ነው፣ ስለዚህ 2,200 ኩንታል። ግድግዳው 15 ሳንቲም ከሆነ የሚበላው አርማታ 36 ሜትር ኪዩብ አካባቢ ነው፣ በሜትር ኪዩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ብትሰጡት 130 ኩንታል ሲሚንቶ አይሞላም። መሠረቱ፣ የታችኛው ማውረጃና ክዳኑ ለብቻ ይታሰባል፣ አፈሩ ካስቸገረ መሠረቱ ብዙ ሊበላ ይችላል። ግን ግድግዳውን ብቻ ካያችሁት እኮ አንድ ሰው ለሚሠራው ቤት ከሚጠይቀው ብዙም አይርቅም። በየቀኑ እየተነሳ በሚሞላው ቅርጽ አንድ ቀን የሚሞላው 3 ሜትር ኪዩብ አይደርስም፣ ሁለት ሚክሰር ያለው ተራ ኮንትራክተር ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል፣ ሁለት ሳምንት ላይ ግድግዳው ቁመቱን ይጨርሳል። ስሊፕ ፎርም ቢሆን በሰዓት 20 ሳንቲም ብናስብ 75 ሰዓት ነው፣ ሦስት ቀን ከምናምን።

ታዲያ ፈጣኑን ለምን አትመርጥም ትሉኝ ይሆናል። ለኛ በየቀኑ የሚነሳውን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ስሊፕ ፎርም አንዴ ከተነሳ አይቆምም፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ቢበላሽ ሌላ ጄኔሬተር፣ ሲሚንቶው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት በሙሉ ሳይት ላይ መግባት አለበት። ሲሚንቶ ጠፍቶ ግማሽ ላይ የቆሙ ሳይቶች ትዝ ይሏችኋል መቼም፣ ግማሽ ላይ የቆመ ስሊፕ ፎርም ደግሞ ቅርጹም አብሮ ይደርቃል። ረጃጅም ጎተራ በረድፍ ለሚያቆም ትልቅ ፋብሪካ ያዋጣል፣ ለ15 ሜትር ግን በየቀኑ እየተነሳ የሚሞላው ይበቃናል፣ አንድ ቀን ብንዘገይ የምናጣው ቀኑን ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ግን መዋሸት አልፈልግም፣ መገጣጠሚያው ችግር ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ሳይት ላይ ክብ የውሃ ጋን ስንሞላ የትናንቱን ጫፍ ሳንፈገፍግና ሳናጥብ ዛሬ ላዩ ላይ እንድንሞላ ታዘዝን፣ እኔም ዝም ብዬ አስሞላሁ፣ ውሃ ሲገባበት በያንዳንዱ መገጣጠሚያ ቀለበት እየሠራ አለቀሰ። ውሃ የሚያስወጣ መገጣጠሚያ ከውጭ ዝናብም ያስገባል፣ ስንዴ ደግሞ እርጥበት አይችልም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት የትናንቱን ጫፍ በብረት ብሩሽ መፈግፈግ፣ ማጠብ፣ ማርጠብ፣ ይሄ የማይታለፍ ሥራ ነው። ውሃ ማጠጣቱም እንደዛው፣ በአዳማ ንፋስና ፀሐይ 15 ሳንቲም ግድግዳ ሁለት ቀን ሳይጠጣ ቢቀር ይሰነጣጠቃል፣ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ ሳምንት መያዝ አለበት። ደግሞ ጎተራው አለቀ ተብሎ ወዲያው እህል አይገባም፣ አዲስ አርማታ ራሱ እርጥበት ያወጣልና በደንብ ይድረቅ።

ኢንጂነር የግድ የሚያስፈልገው ደግሞ ግፊቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው እህልን እንደ ውሃ ያስበዋል፣ እንደ ውሃ አይደለም። ጃንሰን የሚባል ጀርመናዊ ኢንጂነር በፈረንጆቹ 1895 እንዳሳየው እህሉ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ከክብደቱ ከፊሉን ግድግዳው ይሸከምለታል፣ ስለዚህ ታች ያለው ግፊት እንደ ውሃ ከጥልቀቱ ጋር ዝም ብሎ አይጨምርም። ጥሩ ዜና ነው፣ ግን ሁለት ነገር አለበት። አንደኛ ግድግዳው እንደ ምሰሶ ቁልቁል ይጨመቃል፣ ሁለተኛ እህሉ ሲለቀቅ ግፊቱ ከቆመበት ጊዜ ይበልጣል፣ በተለይ ማውጫው መሀል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ከተደረገ አንዱ ጎን ሲላላ ሌላው ይገፋል፣ ክቡ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አደራ የምላችሁ፣ ለመኪና እንዲመች ብሎ ማውጫውን ወደ ጎን የሚያወጣ አሠሪ ካለ እምቢ በሉት። አግዳሚ ፌሮውም ቀለበቱን የሚይዘው እሱ ስለሆነ አይቀነስም። በዛ ላይ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ በ2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ሌሊት ከአልጋችን አስነስቶናል፣ እስከ አፉ እህል የሞላ ጎተራ ደግሞ ሲነቀነቅ ከባድ ነገር ነው። የአፈር ምርመራና የመሬት መንቀጥቀጥ ሂሳብ ሳይሠራ አንድ ካሪዮላ አርማታ መፍሰስ የለበትም። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፣ አንድ ትክክለኛ ዲዛይን ለአንድ ቅርጽ ቢሠራ ግድግዳው ለሁሉም አንድ ነው፣ በየቦታው የሚለየው መሠረቱ ነው።

የብረቱን ሳይሎ ጥሩ ጎን አልክድም፣ ቶሎ ይገጠማል፣ ለመሠረትም ቀላል ነው። ግን በዶላር ነው የሚመጣው፣ ብሩ በገበያ መተመን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ቀጭን ቆርቆሮ ደግሞ ቀን ይግላል ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ከላይ ተሰብስቦ ያልበዋል፣ የላይኛው እህል የሚሻግተው በዚህ ነው። አርማታ ሙቀቱን ቀስ አድርጎ ነው የሚያስገባው። ሲሚንቶው ከሙገርም ከደርባም ከለሚም ይመጣል፣ ፌሮው ጥሬው የውጭ ቢሆንም እዚሁ ይጠቀለላል፣ ቅርጹን ራሱ ጎበዝ በያጅ ካላንደር (ላሜራ የሚጠቀልል ማሽን) ያለበት ጋራዥ ላሜራውን አስጠቅልሎ ይሠራዋል።

ነቀዙንም አትርሱ። አሁን በመጋዘን የምንጥለው የጭስ መድኃኒት በጣሪያው ክፍተት ሁሉ ይወጣል፣ ነቀዙ ግማሽ መጠን ያገኝና ይተርፋል፣ እየለመደው ይመጣል። በደንብ የተዘጋ ጎተራ ጋዙን ቀናት ይይዘዋል። ግን ያው የተዘጋ ነገር ሰውንም ይገድላል፣ ጋዝ ያለበት ጎተራ ውስጥ መግባት፣ ወይም እህሉ እየተለቀቀ ላዩ ላይ መቆም ሞት ነው፣ እህሉ ሰውን እንደ ረግረግ ወደ ታች ይስበዋል። በሩ ቁልፍ፣ ቁልፉም አንድ ኃላፊ እጅ ላይ መሆን አለበት። እርጥብ ስንዴም ጎተራ አያድነውም፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ሆኖ ነው የሚገባው፣ መለኪያዋ ትንሽ መሣሪያ ናት፣ እያንዳንዱ ማህበር ይኑረው። እህሉን 15 ሜትር ላይ የሚያወጣ ባለ ባልዲ ማንሻም ያስፈልጋል፣ እሱ ወጪ ነው፣ አልደብቅም።

ይሄን ሁሉ በወረቀት ስዬ ለፋሲካ ዶዶታ ይዤው ሄድኩ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። የጠበቅኩት "ስንት ብር ነው" የሚለውን ነበር፣ እሳቸው ግን "ቅርጹ የማን ነው የሚሆነው? ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲሄድ ቡሎኑ ቢጠፋ፣ ላሜራው ቢጣመም ማን ይጠይቃል?" አሉኝ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ ቅርጹ የማህበራቱ ዩኒየን ንብረት ይሁን፣ አብሮት የሚዞር አንድ ፎርማንና ሁለት ፌራዮ ይኑረው፣ ሲረከብም ሲያስረክብም ቡሎኑ ይቆጠር ተባባልን። ከዛ ዝም ብለው ቆዩና "መጀመሪያስ ለማን ይሄዳል?" አሉ። ዘንድሮ መጋዘኑ ከሁሉም በላይ ለሚያፈሰው ማህበር አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ቅዳሜ የማህበሩ ስብሰባ ነበራቸው።