የክርስትና ስማቸው ማን ነው?

ውጭ አገር አንድ ኦርቶዶክሳዊ ወገናችን ሲያርፍ ካህኑ መጀመሪያ ከሚጠይቁት ነገር አንዱ ይሄ ነው፤ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ጸሎተ ፍትሐቱ የሚጸለየው በዚያ ስም ነውና። እዚህ አሜሪካ በደረስኩባቸው ለቅሶዎች ይህ ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቤቱ ጭጭ ይላል። ከሟቹ ጋር የሠሩ፣ አብረውት ቤት የተከራዩ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰዎች ተሰብስበዋል። ስልኩን ሁሉም ያውቃል። የተጠመቀበትን ስም የሚያውቅ ግን የለም። ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ አዲስ አበባ ይደውላል። እዚያ ደግሞ እኩለ ሌሊት አልፏል።

ይህን ባየሁ ቁጥር አክስቴ ትዝ ትለኛለች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ኖራ ያረፈችውም አዲስ አበባ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነበር የሚላት። መጻፍ አትችልም፤ ግን አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበራት። የሰፈሩን ሰው የክርስትና ስም የጎረቤት ልጆች ይጽፉላታል። ከፊት በኩል በሕይወት ያሉት ናቸው፤ ከኋላ ያረፉት። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ... ሰው ሲያርፍ ልጅ ትጠራና ስሙን ከፊት አሰርዛ ከኋላ ታስጽፋለች። በየወሩ በ21 ለማርያም ስትሄድ ደብተሩን ይዛ ነው፤ በጸሎት እንዲያስቧቸው ስሞቹን ለካህኑ ትሰጣለች።

በአጥር ምክንያት ለዓመታት የተኳረፈቻት ጎረቤት ነበረች። የእሷም ስም እዚያ ውስጥ ነበር። «እሷንም?» ብዬ ስጠይቃት «ታዲያ እሷ ክርስቲያን አይደለችም?» አለችኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችኝም።

አክስቴ ስታርፍ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። አገር ቤት ሬሳ አያድርም፤ ቢያድርም አንድ ቀን ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ብቻ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያውም ቲኬት ከተገኘ። መሥሪያ ቤቴ «ምንህ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። አሜሪካ ውስጥ የግል አሠሪ ለሐዘን እረፍት እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ፈቅደው የሚሰጡትም ብዙውን ጊዜ ለእናት፣ ለአባት፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለመሰል የቅርብ ቤተሰብ ነው። ያሳደገች አክስት ከእነዚህ አንዷ አይደለችም። አገር ቤት ቢሆን ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

መርዶ ሊነግሩኝ የመጡትን ግን አመሰግናለሁ። ጎህ ሳይቀድ ነው የመጡት። አንዳንዶቹ ከሌሊት ሥራ ወጥተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ። ስደት ይህን አላጠፋብንም።

ያጠፋብን ሌላ ነገር ነው። አገር ቤት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ሰዉ እስከ ሰልስት ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቀን ልቅሶ ነው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ዕንባው ረገብ ሲል አንዱ «ያኔ እኮ...» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ይቀጥላል። ማን ሲታመም ማን እንዳስታመመ፣ ማን የማንን ልጅ የትምህርት ቤት እንደከፈለ የሚወጣው ያኔ ነው። ሟቹ በትክክል የሚታወሰው በዚያ ሰዓት ይመስለኛል። እዚህ ግን ለቅሶው ለቅዳሜ ይዛወራል። አዳራሹ በኪራይ ነው፤ እስከ ማታ መመለስ አለበት። ሰዉ አልቅሶ፣ እህል ቀምሶ፣ ወንበር አጣጥፎ ይወጣል። ጨዋታው «ያኔ እኮ» ላይ ሳይደርስ።

አገር ቤትም ሁሉ ነገር ደህና ነው ማለቴ አይደለም። የአክስቴ የሕይወት ታሪክ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ በቪዲዮ ሰምቻለሁ። የት እንደተወለደች፣ መቼ እንዳገባች ተነበበ። ስለ ደብተሩ አንድም ቃል አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ዶርቃ በሞተች ጊዜ ባልቴቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። የትውልድ ዘመኗን አልነገሩትም። ሥራዋን ነው ያሳዩት።

ለአርባዋ ዘመድ ትልቅ ተዝካር ሊደግስ ተነሳ። ሰንጋ፣ ድንኳን፣ ብድር። እኔ ገንዘቡ ለጸሎቱና ለነዳያን ይሁን ብዬ ተከራከርኩ፤ አባቶችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። በስተመጨረሻ ተስማማን። ቅዳሴ ተቀደሰ፣ ነዳያን ተመገቡ። ማታ የሰፈሩ ሰው ቤቷ ተሰብስቦ እኛም ከዚህ በቴሌግራም ገባን፤ የሚያውቃት ሁሉ ተራ በተራ ተናገረ። ረጅሙን የተናገረችው የአጥሯ ጎረቤት ናት። ራሷ የታመመች ጊዜ በሯ ላይ ሾርባ ተቀምጦ ታገኝ እንደነበርና ማን እንደሚያመጣው ያወቀችው ዘግይታ መሆኑን ተናገረች። እኔ ይህን ጨርሶ አልሰማሁም ነበር።

ደብተሩን አሁን የያዘችው ከሚጽፉላት ልጆች አንዷ ናት። የእኛም ማኅበር እዚህ መዝገቡ ላይ የክርስትና ስም የሚሞላበት መስመር ጨምሯል። የአክስቴን ሙት ዓመት በተመለከተ ግን ቤተሰቡ ገና አልተስማማም። ታላቅ ወንድሟ «ያለ ድግስ አይሆንም» እንዳሉ ናቸው፤ እኔም ከሐሳቤ ፈቀቅ አላልኩም።