እርማት፦ ቱቦ ተቀበረ ማለት ፋይበር ገባ ማለት አይደለም

«መንደራችን ተቆፍሮ ቱቦ ስለተቀበረ በሚቀጥለው ሳምንት ፋይበር ኢንተርኔት ይገባልናል» ላልከው አንድ እርማት አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም።

የሚቀበረው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የፋይበር ኬብሉ፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፉ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ያሉበት ኬብል፣ በኋላ በአየር ግፊት ይገፋበታል ወይም ይሳባል። ኬብሉ ከገባም በኋላ፣ ሩቅ ከተሞችን የሚያገናኝ ዋና መስመር ሆኖ መንደሩን ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

መንገድ ዳር የቆመው ትልቅ ሳጥንም እንዳይሸውድህ። ፋይበሩ እዚያ አብቅቶ እስከ ቤትህ የሚመጣው የድሮው የመዳብ ሽቦ ከሆነ፣ ከሳጥኑ በራቅክ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል።

ይልቅ ቀና ብለህ ምሰሶዎቹን እይ። ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ጥቁር ኬብል፣ አጠገቡም በርካታ መሰኪያ ያለው ትንሽ የታሸገ ሳጥን ካለ ነገሩ የምር ነው። ወደየቤቱ የሚሄደው ቀጭን መስመር የሚነሳው ከዚያ ነው። ቴክኒሻኖች ቁጭ ብለው 0.125 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸውን የመስታወት ክሮች በማሽን እያቀለጡ ሲያጋጥሙ ካየህ ደግሞ ሥራው ገፍቷል።

እስከዚያው እባክህ ያለህን ኢንተርኔት አታቋርጥ። መጀመሪያ አቅራቢውን በአድራሻህ ጠይቀህ አገልግሎቱ መጀመሩን አረጋግጥ።