መጡ ወይስ መቱ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ጾም አያድርም። ከመሀል ከተማ በራቅን ቁጥር ማመልከቻ ይበዛል። ውሃ ጠፋ፣ ማመልከቻ። የላይኛው ፎቅ አፈሰሰ፣ ማመልከቻ። ያለፈው ማመልከቻ መልስ አላገኘም፣ ለእሱም ማመልከቻ።

ይህን ሁሉ አቤቱታ የሚሸከመው ፊደሎቹ የተፋቁ አንድ ኪቦርድ ነው። ሰው የሚያከብረው ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ነው፤ ጸሐፊዋ ስትመታው ድምፁ ደጅ ድረስ ይሰማል፣ ጉዳዩም ያለቀ ይመስላል። የሆነው ግን መስመር መውረዱ ብቻ ነው። ሺፍትን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ብቻውን ቢጫኑት ምን ይጽፋል? በአማርኛ ግን ያለ እሱ ጉድ ይፈላል። በላቲን ፊደላት ድምፅ በሚሠሩት በተለመዱት የአማርኛ መጻፊያዎች «ቲ»ን ብቻዋን ሲነኳት «ት»፣ ሺፍት ይዘው ሲነኳት «ጥ» ትሆናለች። «ች»ን «ጭ»፣ «ን»ን «ኝ» የሚያደርገውም እሱ ነው።

ባለ ታሪክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ሬሚንግተን ቁጥር 2 የተባለው የጽሕፈት መኪና ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል በአንድ ቁልፍ ለማስተናገድ ሺፍትን ይዞ ወጣ። ያኔ ሲጫኑት ወረቀት የያዘውን ክፍል ከነነፍሱ ከቦታው ያንቀሳቅስ ነበር።

የእኛ ሰፈሩ ሺፍት ግን አንድ ቀን አልንቀሳቀስ አለ። ሻይ ፈሶበት ነው ይባላል። «ከጎረቤቴ ጋር ጥል የለኝም» ያሉ አዛውንት «ትል የለንም» በሚል ወረቀት ላይ ፈረሙ። ዳኛው ዳና ሆነ። ጥላሁን የተባለ ሁሉ ትላሁን ተብሎ ከመታወቂያው ጋር ተጣላ። በእስክሪብቶ ይስተካከል ቢባል መስኮቱ «ስርዝ ድልዝ አንቀበልም» አለ፤ ንጹሑን ስሕተት ግን ማኅተም እየመታ ይቀበላል።

ጣሪያቸው የሚያፈስባቸው አንዲት እናት «የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ መጡና ምንም ሳይሉ ሄዱ» ብለው አጻፉ። ወረቀቱ «ሁለት ጊዜ መቱና ምንም ሳይሉ ሄዱ» ብሎ ወጣ። ለ«መጡ» ወራት ሙሉ ጆሮ ያልሰጠው ቢሮ ለ«መቱ» በማግሥቱ ሰብሳቢውን አስጠራ። ሰውየው በላብ ተጠምቀው ቧንቧ ሠራተኛ ይዘው ደረሱ።

በዚያው ሰሞን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ተማሪ «በቀኝ በኩልም እኮ ሌላ ሺፍት አለ» አለ። እውነትም አለ፤ ጽሑፉ እንኳን ያልተፋቀ፣ አቧራ የለበሰ። በደንቡ ከሆነ «ቲ» የግራ እጅ ድርሻ ስለሆነች መያዝ የነበረበት የቀኙ ሺፍት ነው፤ ግን በሁለት ሌባ ጣት ለሚጽፍ ሰው ደንብ ምኑ ነው?

ጸሐፊዋ ደስ ብሏት ሴትዮዋን አስጠራች።

«እትዬ፣ ማመልከቻዎን አስተካክዬ በነጻ ላውጣልዎት?»

«ተይው ልጄ» አሉ። «ገና የመጸዳጃ ቤቱ ቀርቷል።»