ስታፉ ከካዝናው በር ላይ ዞር ይበል

የሐበሻ ተጫዋቾች የሚበዙበት አንድ የፋይቭኤም ሰርቨር (በጂቲኤ 5 ጨዋታ ውስጥ እያንዳንዱ የፖሊስ፣ የዘራፊ ወይም የሐኪም ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚተውንበት፣ ሮልፕሌይ የሚባል ጨዋታ) ሰሞኑን ያወጣው ማስታወቂያ አጭር ነው። ከእንግዲህ የትኛውም ትልቅ የወንጀል ሲን (ትዕይንት) ስታፍ (የሰርቨሩ አስተዳዳሪ) በቦታው ካልተገኘ አይጀመርም። የፓስፊክ ስታንዳርድ ባንክ ዘረፋ፣ የቫንጀሊኮ ጌጣጌጥ መደብር፣ የፖሊስ እገታ፣ የጋንግ ጦርነት፣ ሁሉም። የተገኘው ስታፍ ጥፋት ካየ ሲኑን ፍሪዝ አድርጎ፣ ማለትም ሁሉንም ባለበት አቁሞ፣ እዚያው ይፈርዳል፤ ያላግባብ የሞተውን ሪቫይቭ ያደርጋል፣ ያስነሳል፤ ከዚያ ሲኑ ካቆመበት ይቀጥላል። የተሰጠው ምክንያት ሁለት ነው። ክሊፕ (ተጫዋቹ ከስክሪኑ የቀዳው ቪዲዮ) ተቆርጦ ሊያታልል ይችላል፣ በዐይን የታየ ግን አያከራክርም። ደግሞስ ዳኛ የሌለው የእግር ኳስ ጨዋታ የት አለ?

ከኳሱ ልጀምር፤ ምሳሌውን ያመጡት ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ጨዋታ የሚያዩ አይመስሉምና። ዳኛ ጥፋት አይቶ ኳሷ ለተበደለው ቡድን ከደረሰች እጁን ወደፊት ዘርግቶ ቀጥሉ ይላል። የመስመር ዳኛው አጥቂው ከጨዋታ ውጭ መሆኑን እያየ ባንዲራውን አውርዶ ይጠብቃል፤ የሚያነሳው የማጥቃት እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ነው። ቫር እ.ኤ.አ. በ2018 የጨዋታው ሕግ ውስጥ የገባውስ ለምን ሆነና? በዐይን የታየ አያከራክርም የሚለው እምነት ስለፈረሰ አይደለም? ዳኛው አፍንጫ ሥር የሆነውን ነገር ርቀው የተቀመጡ ሰዎች ቅጂ ወደ ኋላ መልሰው እያዩ ያሳርሙታል። ስታፎቻችን የጠሩት ምስክር የመሰከረው በራሳቸው ላይ ነው።

በዐይን የታየ የሚለው ግን ሰርቨር ከሚያስተዳድር ሰው አፍ መውጣቱ ራሱ ያስገርማል። በፋይቭኤም የእያንዳንዱን ተጫዋች አካል የሚያንቀሳቅሰው የራሱ ኮምፒውተር ነው። ጥይት መታ ወይስ ሳተ የሚለውንም መጀመሪያ የሚወስነው የተኳሹ ኮምፒውተር ነው፤ እሱ መታሁ ብሎ ይልካል፣ ሰርቨሩ ካልከለከለው በቀር ጉዳቱ ለተመታው ይደርሳል። እንግዲህ አንዱ ከአዲስ አበባ በ150 ሚሊ ሰከንድ ፒንግ (የግንኙነት መዘግየት)፣ ሌላው ከጀርመን በ20 ገብተው በካዝናው ኮሪደር ቢታኮሱ፣ በተኳሹ ስክሪን ላይ ሰውየው ገና በሩ መሐል ቆሟል፤ በተመታው ስክሪን ላይ ግን ግድግዳውን ታኮ ተሸሽጓል። ሁለቱም አይዋሹም። ስታፉ የሚያየው ሦስተኛ ስክሪን ነው፤ ከዋሽንግተን ገብቶ ከሆነ የራሱም መዘግየት ተጨምሮበታል። ከሦስቱ ስክሪኖች በተኩሱ ውጤት ላይ ምንም ድርሻ የሌለው የእሱ ብቻ ነው። ያንን ይዞ ነው እንግዲህ ልጁ ከግድግዳ ጀርባ ተመታ፣ ተኳሹ ቺተር (አጭበርባሪ) ነው ብሎ የሚፈርደው።

ርቀቱም አለ። ዋንሲንክ፣ ማለትም ተጫዋቾችን እርስ በርስ የሚያመሳስለው የሰርቨሩ ሥርዓት፣ እንደመጣ ከተተወ ከ424 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለውን ተጫዋች ለኮምፒውተርህ ጭራሽ አይልክልህም። ካዝናው በር ላይ የቆመ ስታፍ፣ በኋላ በር ወጥታ ወደ አውራ ጎዳናው ያመለጠችውን መኪና አያያትም፤ ለእሱ ያ ሰፈር ባዶ ነው። ስፔክቴት አድርጎ (ካሜራውን ወደ እሷ ወስዶ) ቢከተላት ደግሞ ካዝናውን ይለቃል። የፓስፊክ ሲን ቢያንስ በሦስት ቦታ ይካሄዳል፤ ውስጡ፣ የፖሊስ ከበባው፣ ማምለጫው። አንድ ዐይን ሦስት ቦታ አይደርስም።

ኮምባት ሎግን (ላለመያዝ ወይም ላለመሞት ከጨዋታው ወጥቶ መጥፋትን) ውሰዱ። ስታፉ በዐይኑ የሚያየው ሰውየው እንደ ጉም ሲተን ብቻ ነው። የሰርቨሩ ሎግ (መዝገብ) ግን ተጫዋቹ ራሱ ዘግቶ መውጣቱንና ግንኙነቱ ተቋርጦ ጊዜ ማለፉን ለያይቶ ይጽፋል። መብራት የሄደበት ልጅና እጁ ላይ ካቴና ሊገባ ሲል ጨዋታውን የዘጋው ልጅ በስታፉ ዐይን አንድ ናቸው፣ በሎጉ ሁለት። ኬብል የሚነቅል አለ ትሉ ይሆናል። አለ። እሱንም ቢሆን የሚያጋልጠው ስንት ጊዜ፣ በምን ዓይነት ሰዓት ላይ እንደተቋረጠ የሚያሳየው የወር ሎግ ነው።

አሁን ወደ ፍሪዙ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ፍሪዝ የሚባለው ትእዛዝ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ አካሉን ወይም መኪናውን ካለበት ይቸነክራል። ሰዓት አያቆምም። የካዝናው ቆጣሪ ሌላ ስክሪፕት (ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም) ስለሆነ መቁጠሩን ይቀጥላል። ወድቆ የሚደማው ሰው ቆጣሪም እንዲሁ፤ ብዙ ሰርቨር የሚጠቀምበት የኢኤስኤክስ አምቡላንስ ስክሪፕት ካልተነካ የሚሰጠው 10 ደቂቃ ነው። ከወደቀ 4 ደቂቃ የሆነው ቁስለኛ አለ እንበል። ስታፉ የሁለቱን ወገን ክርክር ሰምቶ ለመፍረድ 7 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ ሁለት እርምጃ ላይ ተቸንክራ እያየችው ቁስለኛው ሆስፒታል አልጋ ላይ ይነቃል፤ በብዙ ሰርቨር ሕግ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ረስቶ። ይህ ፍትሕ ተብሎ ነው የቀረበልን።

ቆጣሪውንም እናቆመዋለን ሊሉ ይችላሉ፤ ስክሪፕት አዋቂ ካላቸው ይቻላል። አፍ ግን እንዴት ይቆማል? ፍሪዝ የተደረገ ሰው ሬዲዮው ይሠራል፣ ከጨዋታው ውጭ የሚያወራበት ዲስኮርዱም ክፍት ነው። ከፍሪዙ በፊት ፖሊሱ ውስጥ ስንት ዘራፊ እንዳለ አያውቅም፤ ተደራዳሪው ሃያ ደቂቃ የለፋው ይህንኑ ለማወቅ ነው። ስታፉ ሲኑን ያቆምና ምን ተፈጠረ ብሎ ይጠይቃል። አንዱ በንዴት፣ እኔ እኮ ጣሪያው ላይ ተኝቼ ነው የነበርኩት፣ እንዴት ሊያየኝ ይችላል ይላል። በቃ። ጣሪያው ላይ ሰው እንዳለ አሥራ ሁለት ፖሊስ ሰማ። ስታፉ እንዳልሰማችሁ ሁኑ ይላቸዋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሲኑ ሲፈታ የሁሉም አፈሙዝ ሳያውቀው ወደ ጣሪያው ቀና ይላል። ጥፋትን ለመከላከል የወጣ ሕግ ሜታጌሚንግን (ገጸ ባሕርዩ የማያውቀውን፣ ከጨዋታ ውጭ የሰሙትን መጠቀምን) በአዋጅ ሲያካሂደው ይህን ይመስላል።

ማሳደድ ላይ ሲሆን ደግሞ ቀልድ ይሆናል። በሙሉ ፍጥነት የምትበር መኪና ፍሪዝ ሲደረግ ፍጥነቷ ይሞታል፤ ስትፈታ ከቆመችበት ነው የምትነሳው። ዘራፊው ሦስት መታጠፊያ አታሎ ያገኘው ብልጫ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈው በመነሻ ፍጥነት የሚበልጠው መኪና ነው፤ ያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማን እንደሆነ የፖሊስ ጋራዡን ያየ ያውቀዋል። ፍሪዙም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ ስክሪፕቱ የመተኮሻ ቁልፎችን ለይቶ ካልዘጋ ቆሞ የተቸነከረ ሰው አነጣጥሮ መተኮስ ይችላል።

ሪቫይቩስ? አንድ ታጋች ያላግባብ ተገደለ እንበል፤ ዘራፊው ምንም ምክንያት ሳይኖረው ተኮሰበት፣ ጥርት ያለ አርዲኤም። ታጋቹ ስለሞተ ፖሊስ ድርድሩን ጥሎ ሰብሮ ገባ፣ ሁለት ዘራፊም ጣለ። አሁን ስታፉ ታጋቹን አስነሳው። ፖሊሱ ወዴት ይመለስ? ሁለቱ የወደቁትስ ይነሱ ወይስ ይቅሩ? ከተነሱ ፖሊሱ ያየውን የውስጡን አቀማመጥ ከየት አምጥቶ ይርሳ? ካልተነሱ በሌላ ሰው ጥፋት ሞቱ። ሲን እንደ ካሴት አይጠነጠንም፤ አንዱን ክር ስትስብ ሌላው ይቋጠራል። የሚቻለው ታጋቹን የገደለውን ልጅ ሲኑ ሲያልቅ ጠርቶ መቅጣት ነው፤ የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ምሽታቸውን ይጨርሱ። በአንድ ሰው ጥፋት ሃያ ሰው ቸንክሮ ማቆም ድሮ አውጫጭኝ ይባል ነበር፤ መንደሩ በሙሉ ጥፋተኛው እስኪወጣ ተሰብስቦ ይዋል። እሱ እንኳ የሚደረገው ወንጀሉ ካለፈ በኋላ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ። በሞድ ሜኑ (በማጭበርበሪያ ፕሮግራም) የገባ ሰው፣ የማይሞት፣ ከሰማይ ታንክ የሚያወርድ ሰው ወዲያው ይባረር፤ እሱ ሮልፕሌይ ውስጥ አይደለም፣ ሌላ ጨዋታ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ካዝናው በር ላይ መቆም አያስፈልግም፤ ሰርቨሩ ከሚተዳደርበት ከቲኤክስአድሚን ገጽ አንድ ባን (እገዳ) ይበቃል።

ክሊፕ ተቆርጦ ያታልላል ለሚለው፣ አዎ፣ ደንብ ከሌለ ያታልላል። መፍትሔው ደንብ ማውጣት ነው። ትልቅ ሲን ውስጥ መሣሪያ የያዘ ሁሉ የሪፕሌይ ባፈር (ያለፉትን ደቂቃዎች ይዞ የሚያቆይ ቀረጻ) ከፍቶ ይግባ። ክሊፑ ከጥፋቱ በፊት ያለውን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይያዝ፤ ስድቡ ተቆርጦ ጥይቱ ብቻ የሚቀርብበት ክሊፕ ውድቅ ይሁን። የጨዋታው ድምፅና የራስ ማይክ ሁለቱም ይቀረጹ፤ ታጋቹ ራሱ የቀዳው ክሊፕ ማይክ ከሌለበት እጅህን አንሳ ሲባል ምን ብሎ እንደመለሰ አያሰማም፣ የፊር አርፒ (ገጸ ባሕርዩ ለሕይወቱ ይፍራ የሚለው ሕግ) ክርክር ሁሉ ደግሞ እዚያች መልስ ላይ ነው ያለው። የተጫዋቹ የሰርቨር ቁጥርና ሰዓት ስክሪኑ ጥግ ላይ ይታዩ፤ ከሎጉ ጋር የሚያገናኙት እነሱ ናቸው። ሁለቱም ወገን ክሊፕ ያቅርብ። ከሁለት ስክሪን የተቀዳ ክሊፕና የጉዳት ሎግ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ቅድም ኮሪደሩ ላይ ያየነው የፒንግ ልዩነት ራሱን ችሎ ይታያል፤ ማንም ቺተር ሳይባል ነገሩ ያልቃል።

የኢንተርኔት ዋጋ ይታሰብ ለሚሉ ሒሳቡ ይኸው። በ1080 ጥራት በሴኮንድ 6000 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ደቂቃ 45 ሜጋባይት ገደማ ነው። ወደ 720 ወርዶ በ2500 ሲቀዳ 19 ሜጋባይት አይሞላም። የሁለት ደቂቃ ክሊፕ ከ40 በታች፤ በሞባይል ዳታም ይጫናል። ሃያ ሰው ከሰባት ደቂቃ ፍሪዝ በኋላ ተበሳጭቶ ሲበተን ከሚጠፋው ምሽት ይሄ ይረክሳል።

ሰዓት ካልን ደግሞ፣ ከስንት ቲኬት (ለስታፍ የሚቀርብ አቤቱታ) ጀርባ ያለውን ተራ ስህተት ላንሳ። ሎጉ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ቲኬቱ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። አሜሪካ ያለው ስታፍ ሎጉን ከፍቶ 3:00 ላይ ይፈልጋል፣ ምንም የለም፤ 21:00 ላይ ይፈልጋል፣ ምንም የለም፤ ማስረጃ አልተገኘም ብሎ ይዘጋዋል። ጉዳዩ ያለው 18:00 ላይ ነው። ይህን ለማስተካከል የቲኬቱ ፎርም ላይ አንድ መስመር መጨመር በቂ ነበር። እነሱ ግን ይህን ትተው ዐይን ጨመሩ።

ሲኑ ካለቀ ሠላሳ ደቂቃ ይለፍ፤ የጋለው ይብረድ። ቲኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ይከፈት፣ ሁለት ስታፍ ይየው፣ ሁለቱም በዚያ ሲን ያልነበሩ፣ ከተከሳሹ ጋንግም ከፖሊሱም ያልሆኑ። የጠፋ ዕቃ ይመለስ፣ ያጠፋ ይቀጣ፣ ሲኑ ግን አይሰረዝ። ፖሊስ ስንት መግባት እንዳለበትና ሌላ ትልቅ ሲን እየተካሄደ እንደሆነ የሚያጣራ ስክሪፕት ደግሞ ዘረፋው ሊጀመር ሲል ራሱ ይከለክላል፤ ለዚያ ስታፍ መጠበቅ አያሻም።

ማስታወቂያው ጨርሶ ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ። ስታፍ ካልተገኘ አይጀመርም ማለት፣ ዘራፊዎቹ ፓስፊክን ልንመታ ነው ብለው ቀድመው ለስታፍ ያመለክታሉ ማለት ነው። ማመልከቻውን የሚያየው ስታፍ ከሲን ውጭ ምንድነው? ተጫዋች ነው። አንዱ ሳጅን ነው፣ አንዱ የተቀናቃኝ ጋንግ አለቃ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ጌታው ሜዳ ሲገባ ጌትነቱን ውጭ ትቶ ስለሚገባ ነበር፤ የእኛዎቹ ገናውንም ጌትነቱንም ይዘው ነው የሚገቡት። ዘራፊው የካዝና ማቅለጫውን ቴርማይት ገዝቶ፣ ማምለጫ መኪናውን ሁለት ቦታ ደብቆ፣ ታጋቹን አሳምኖ ለሳምንት ያዘጋጀው ሲን ከመጀመሩ ሃያ ደቂቃ በፊት በስታፍ ቻናል ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። በዚያች ሃያ ደቂቃ ስንት ስታፍ የፖሊስ ገጸ ባሕርዩን ከፍቶ ሥራ እንደሚገባ የሚመዘግብ ሎግ ይኖር ይሆን? ክሊፕ አይታመንም ያሉት ሰዎች ይህንን ሎግ ለተጫዋቹ ክፍት ያድርጉት።