ታሰረ እንጂ አልተገጠመም

ዛሬ ማታ የሳይክሌ መብራት ለሦስተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያው ጊዜ ኮብልስቶን ላይ ነበር፣ አቧራውን አራግፌ መልሼ አሰርኩት። ሁለተኛው ጊዜ ፊቱ ተሰነጠቀ፣ ግን ይበራ ነበር። የዛሬው አስፋልቱ መሃል ተንከባለለና ገና ሳይክሉን ሳላቆም ባጃጅ ወጣበት። ቀሽ ሲል ሰማሁት። በ1,200 ብር የገዛሁት፣ ሁለት ወር እንኳ ያልሞላው መብራት። ብሩ ያንገበግበኛል። ልጄን አስተኝቼ በዚህ ሰዓት የሚያስጽፈኝ ግን ከብሩ የባሰ ነገር ነው።

የምንኖረው ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ከድልድዩ ወዲያ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው፤ ቀን ቆርጬ ያላለቀልኝን ማታ ቤት ወስጄ እጨርሳለሁ። ጨርቁን ከኋላ መጫን አልችልም፣ ከኋላ ልጄ ናት የምትቀመጠው፤ ከትምህርት ቤት መልስ እናቴ ጋ ትቆይና ስመለስ አንስቻት እሄዳለሁ። ስለዚህ ከፊት ጎማው በላይ ዕቃ መጫኛ አሠርቻለሁ፣ በባለ 8 ሚሊ ፌሮ የተበየደ፣ ጠንካራ ነገር። ታዲያ ጭነቱ ሲደረደር ከመሪው በላይ ይቆማል። መብራቱ ደግሞ የሚታሰረው መሪው ላይ። ሳበራው የሚያበራው ፌስታሌን ነው! ነጩ ፌስታል ላይ ክብ ብርሃን ይሠራል፣ ተመልሶ ዓይኔን ይወጋኛል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጭራሽ ይጠፋኛል። አጥፍቼው የሄድኩባቸው ምሽቶች አሉ፣ ያለሱ ይሻል ስለነበር።

መፍትሔው ለማንም የሚታይ ነው፤ መብራቱ ከጭነቱ ፊት ይሁን፣ መጫኛው ጫፍ ላይ ይገጠም። ይቺን ቀላል የምትመስል ነገር የሚሠራልኝ ሰው ነው ያጣሁት።

ገበያ ላይ ያየሁት መብራት ሁሉ ማሰሪያው ለመሪ የተሠራ ነው። የመሪ ቱቦ እጅ መያዣው አካባቢ 22 ሚሊ ገደማ ይወፍራል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ እንደ ሳይክሉ 25 ወይም 32 ገደማ ይሆናል። የኔ ፌሮ 8 ሚሊ። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ብታጠብቁትም ፌሮው ውስጡ ይዋልላል። ጠጋኙ ጋ ስወስደው ከአሮጌ ከመነዳሪ ሁለት ጣት የሚያህል ቆረጠ፣ ፌሮው ላይ አራት ዙር ጠቀለለ፣ ማሰሪያውን በላዩ አጠበቀና «አለቀ» አለኝ። በእጄ ገፋ ሳደርገው እውነትም አልነቃነቅ አለ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ።

ደስታው እስከ ኮብልስቶኑ ነው የቆየው። ላስቲክ ሲጫኑት ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል። መብራቱ ባትሪው ውስጡ ስለሆነ ይከብዳል፣ ክብደቱም ወደ ፊት የወጣ ነው። ሳይክሉ ድንጋዩ ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትንሽ አንገቱን ይደፋል፣ ደግሞ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። ሰፈር ስደርስ የሚያበራው የራሴን ጎማ ነው። ወርጄ ቀና አደርገዋለሁ፤ ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ተመልሶ ይደፋል። አንድ ቀን አብዝቼ ቀና አድርጌው ኖሮ ከፊት የሚመጣ ልጅ ዓይኑን ወግቶት ቦይ ውስጥ ሊገባ ነበር። «አንቺ፣ አጥፊው!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው።

ባለፈው ወር የሆነውን ሳስብ ግን እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ጨልሟል። መብራቴ እንደለመደው ደፍቷል፣ ዳገት ስለሆነ መውረድ አልፈለግኩም፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» አልኩ። ጋቢ የለበሱ አባት ከመንገዱ ዳር ቆመው ኖሮ ያየኋቸው ፌስታሌ ጋቢያቸውን ሲነካ ነው። ፍሬን ያዝኩ፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈች። እሳቸው አልተጎዱም፣ «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ እንዲያውም። ሳይክል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በፍጥነት ብሄድ ኖሮስ? ቁልቁለት ቢሆን ኖሮስ?

በማግስቱ ጠጋኙ ጋ ተመለስኩ። ሽቦ አመጣ። በሽቦ ሁለት ቦታ ጠመዘዘውና በፒንሳ አጠበቀው። «ወንድሜ፣ ይሄ ይይዛል?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «እህቴ፣ መንገዱ እኮ መብራት አለው፣ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። ይሄ ንግግር ነው ያቃጠለኝ! ጎማ ሲጠግን አየር እንዳያፈስ ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚያይ ሰው ነው። ፍሬን ሲያጠብቅ ራሱ ነድቶ ይሞክራል። መብራት ላይ ሲደርስ ግን በቃ ሽቦ። የዛሬውም ሽቦው ነው፤ ሲጠማዘዝ የሳሳው ቦታ ላይ ተበጥሶ ነው የወደቀው።

አባቴ ዲናሞ ያለው አሮጌ ሳይክል ነበረው። ዲናሞው ከጎማው ጋር እየተፋተገ 6 ቮልት ያመነጫል፣ 3 ዋት ብቻ፤ ፊትና ኋላ ተካፍለውት የሚበሩት። ብርሃኑ ቢጫና ደካማ ነበር፣ ስትቆሙ ይጠፋል። መብራቱ ግን ከመሪው በታች በወፍራም ላሜራ ላይ፣ በብሎንና በዳዶ፣ ከሥሩ ጥርስ ባላት ራንዴላ ተገጥሞ ነበር። ቀለሙ ረግፎ፣ ፓራፋንጎው ዝጎ ተበልቶ እንኳ መብራቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አሁን ያለው መብራት በብርሃን ከዚያ አሥር እጅ ይበልጣል፣ የሚይዘው ግን ፀሐይ ሲመታው የሚሰነጠቅ ላስቲክ ነው። መብራቱን የሠራው ሰው ስለ ብርሃኑ ያሰበውን ሩብ ያህል ስለ ማሰሪያው ቢያስብ ምን ነበረበት? መጫኛውን የበየደልኝስ ሰው ጫፉ ላይ አንዲት የተበሳች ላሜራ ቢጨምርልኝ ስንት ብር ይጎድልበት ነበር? በ10 ቁልፍ የምትጠብቅ አንዲት ብሎን መግቢያ ብቻ!

ብዙ ካሰብኩበት በኋላ መላው ገብቶኛል፣ እንደኔ ከፊት የምትጭኑ ካላችሁ ይጠቅማችኋል። ከተጣለ አሮጌ ሳይክል የመሪ ቱቦ 10 ሴንቲ ይቆረጥና መጫኛው ጫፍ ላይ አግድም ይበየዳል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ። ያን ጊዜ የመብራቱ ማሰሪያ የተሠራለትን ውፍረት ያገኛል፣ ላስቲክም ሽቦም አያስፈልግም። ብሎኑ ላይ ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ ይገባል፣ በንቅንቅ የማይፈታው ዓይነት። ካላመናችሁት ደግሞ መብራቱን በቀጭን ገመድ መጫኛው ላይ እሰሩት፣ ቢወልቅ እንኳ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ ማታ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃችሁ አብሩት፤ የብርሃኑ መሃል ግድግዳው ላይ መብራቱ ከመሬት ካለው ከፍታ ግማሽ ላይ ካረፈ ልክ ነው፣ መንገዱ ላይ 10 ሜትር ፊታችሁ ይወድቃል፣ የማንንም ዓይን አይወጋም። መብራቱ ከመሪው ዝቅ ማለቱም ይጠቅማል፣ የጉድጓዱ ጥላ ረዝሞ ከሩቅ ይታያል።

ቱቦውን አስቆርጫለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሦስት ብየዳ ቤት ይዤው ዞርኩ። አንዱ «ለዚህማ ማሽን አላስነሳም» አለኝ። ሌላው በር እየሠራ ነው፣ ቅዳሜ ነይ አለኝ፣ ቅዳሜ ስሄድ መብራት የለም። ሦስተኛው አይቶት ሳቀ፣ «ለመብራት ነው ይሄ ሁሉ?» አዎ፣ ለመብራት ነው!

ይህች ከተማ በሳይክል የምትታወቅ ናት። ተማሪው፣ ነርሷ፣ የቀን ሠራተኛው፣ እንጀራ አመላላሿ፣ ሁሉም በሳይክል ነው የሚሄደው። በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ሲኖረው ለሳይክል የራሱ መንገድ ተሠርቶለታል፣ ስሻገርበት ደስ ይለኛል፣ ብርሃን ነው። ከድልድዩ ወርጄ ወደ ውስጥ ስታጠፍ ግን ያለኝ ብርሃን እኔ የያዝኩት ብቻ ነው።

ዛሬ መብራቱ ከተሰበረ በኋላ ልጄ «እማ፣ እኔ ልያዝልሽ» ብላ ስልኬን ተቀበለችኝና በትከሻዬ ላይ አሳልፋ አበራችልኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። በአንድ እጇ ቀሚሴን ጨብጣ በሌላው ስልኩን ይዛ፣ እጇ ሲዝል ብርሃኑ ይወርዳል፣ እኔም ቆሜ እስክታርፍ እጠብቃታለሁ። እንደዚያ ሆነን ነው ቤት የገባነው።

አባይ ማዶ ወይም ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሥራ የማይንቅ በያጅ የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ሁለት ነጥብ ብየዳ ነው፣ ቱቦው ተቆርጧል፣ ዋጋውን እሱ ይናገር፣ አልከራከርም። ነገ ከሥራ የምወጣው 12 ሰዓት ተኩል ነው።