ከጅቡቲ የመጣው ዓሣ

ቃሊቲ ባሕር የለም፤ የጅቡቲ ሾፌር ግን ሞልቷል። ባለፈው ሰሞን አንዱ ጎረቤታችን በበረዶ ሣጥን አንድ ትልቅ የባሕር ዓሣ ይዞ መጣ። ሁለት ቀን መንገድ ላይ ከርሟል፤ ሆድ ዕቃው አልወጣም። ሚስቱ ግቢ ውስጥ ሆዱን ስትቀደው፣ ጉበቱ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለሉ ነጫጭ ክሮች አየን። አንዱ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ቢላዋውን ወረወረችው። ዓሣው እንዳለ ገንዳ ገባ።

እኔ አንጀቱን አስቀርቼ በመቀስ ሰነጠቅኩት። (ሚስቴ እስካሁን አልማረችኝም።) ውስጡ ሌላ ጉድ ነበር። ብጫ የመሰሉ አጫጭር ትሎች ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል። በጥፍሬ ብጎትት አልላቀቅ አሉ። የእነዚህ ትሎች ጭንቅላት በመንጠቆ የተሞላ ነው። አፍም አንጀትም የላቸውም፤ ዓሣው የፈጨውን ምግብ በቆዳቸው ነው የሚመጥጡት። ራሳቸውን የሚቀብሩበት ቦታ ላይ ምግብ የሚመጠጥባቸው ጥቃቅን እጥፋቶች ይደቃሉ፣ ይቆስላሉ። ዓሣው ቁስሉን በጠባሳ ያጥረዋል። አንጀቱ እዚያ ጋ ይወፍራል፣ ይደርቃል። አንዳንዴ መንጠቆው ዘልቆ ከውጭ እባጭ ሆኖ ይታያል። እኔ ሦስት እባጭ ቆጠርኩ። «አንጀቴን በላው» የምንለው ለካ እንዲህ ነው። ከላይ ሲያዩት ግን ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሰውነቱ የሞላ ዓሣ ነበር።

ሰፈሩ የፈራው ትሉን ነው። እኔ የምወቅሰው ያንን ሁለት ቀን ነው። መንጠቆኞቹ ከአንጀቱ ጋር ተጠርገው ይወጣሉ። ለሰው የሚያሰጉት ጥቅልሎቹ ናቸው፤ አኒሳኪስ የሚባለው ወገን እንዲህ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ዓሣው ከሞተ በኋላ አንዳንዶቹ ከሆድ ዕቃው ወደ ሥጋው ሊዘልቁ ይችላሉ። በረዶ ላይ መቀመጡም አይገድላቸውም። ሰው በሕይወት ከዋጣቸው በሰዓታት ውስጥ ሆድ ቁርጠትና ትውከት ያስከትላሉ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1960 የታወቀው ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ሄሪንግ የሚባለውን የባሕር ዓሣ ጥቂት ጨው ብቻ አድርገው ጥሬውን በሚበሉ ሰዎች ላይ ነው። አገሪቱ ዓሣው መጀመሪያ በቅዝቃዜ በረዶ እስኪሆን እንዲቆይ ካስገደደች በኋላ በሽታው በጣም ቀነሰ።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በዳጣ የለመደ ሰው የባሕሩንም እንደዚያው ልሞክር ሊል ይችላል። ባይሞክር ይሻለዋል። ሎሚ አይገድለውም፤ ሚጥሚጣማ ጭራሽ። የሚገድለው ውስጡ 63 ዲግሪ እስኪደርስ ማብሰል፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቆየት ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ የሚሠራውን የቤት ፍሪጅ ለዚህ አላምነውም።

ስለዚህ ያ ዓሣ መጣል አልነበረበትም። ሥጋውን በብርሃን እያዩ አጽድቶ፣ እስከ ውስጡ ጠብሶ መብላት ይቻል ነበር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጅቡቲ ላይ እንደተገዛ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ መጣል ነው። ለሾፌሩ ይህንኑ ስነግረው «ጨው ብነሰንስበትስ?» አለኝ። ሰኞ ሲወጣ ሚስቱ ከስንቁ ጋር ቢላዋ ጠቅልላ ሰጠችው።